የዕቅድ ውይይት፦ የኤሌክትሮኒክስ ቅሪት ማሰባሰቢያና የካርቦን ሒሳብ፣ ደሴና ኮምቦልቻ (ረቂቅ 2)

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛውን ረቂቅ ጀባ ብያለሁ። የመጀመሪያው "ቅሪቱን ሰብስበን ለሪሳይክል እንሰጣለን" ከማለት አላለፈም ነበር፤ እሱ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም። አሁን ቁርጥ ያለ መልስ የምፈልገው ለእነዚህ ነው፦ ምን እንቀበላለን፣ የት እናስቀምጣለን፣ ለማን እናስረክባለን፣ ካርቦኑን እንዴት እንቆጥራለን።

መግቢያው አጭር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቅሪት አመነጨች፤ በወጉ ተሰብስቦ መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ቀሪው ገጽ ስለኛ ይሁን። ሕጉን በተመለከተ የኤሌክትሮኒክስ ቅሪት ደንብ ቁጥር 425/2010 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተጠቅሰዋል። ፈቃድ ሳይኖረን አንድም ባትሪ መጋዘን አናስገባም። ስለዚህ የፈቃድ ማመልከቻው የሥራው የመጀመሪያ ወር ላይ ተቀምጧል።

ፍሪጅና ኤሲ ጥገና፣ ኮምቦልቻ
ረቂቁ ቅሪቱን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጭነት መኪና ላይ ሁለት ገጽ ፈጅቶ ስለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ግን አንድ ቃል የለውም። ሒሳቡን ከዚህ ጀምሩት። በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ 150 ግራም ገደማ አር-134ኤ የሚባል ማቀዝቀዣ ጋዝ አለ እንበል። የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ነው። 0.15 ኪሎን በ1,430 ስታባዙት 214 ኪሎ ይመጣል። አንድ ሊትር ናፍታ ሲነድ የሚወጣው 2.68 ኪሎ ነው። እንግዲህ ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ "ፍስስ" ማስባል 80 ሊትር ናፍታ ከማንደድ እኩል ነው። አሮጌው አር-12 ከሆነማ 10,900 እጥፍ ስለሆነ ያው 150 ግራም 1.6 ቶን ይሆናል።

የሚያበላሸው ነገር ይታወቃል። ቆራሌው የሚፈልገው ኮምፕሬሰሩን ነው፤ በር ላይ ቱቦውን ቆርጦ ይዞት ይሄዳል። ፍሪጁ እኛ መጋዘን ሲደርስ ጋዙ ወጥቶ አልቋል። ስለዚህ ጋዙ መሳብ ያለበት ፍሪጁ ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ ነው። ለዚህ አንድ ተንቀሳቃሽ ቡድን በባጃጅ ይበቃል፤ ዕቃውም ጋዝ መሳቢያ ማሽን፣ ማኒፎልድ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ)፣ ቱቦ መብሻ ቫልቭ፣ ባዶ ሲሊንደርና ሚዛን ነው።

ሦስት ነገር በረቂቁ ይጻፍልኝ። አንደኛ፣ ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ለዚህ ነው ሚዛኑ የሚያስፈልገው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ሲሊንደር ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ሲሊንደር። አር-134ኤ እና አር-22 አንዴ ከተቀላቀሉ መልሶ የሚለያቸው የለንም፤ ሲሊንደሩን ሙሉ ዕዳ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ አር-600ኤ የሚል ጽሑፍና የእሳት ምልክት ካለ ማሽኑን እንዳታስጠጉት። ያ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ተራው መሳቢያ ማሽን ደግሞ ብልጭታ አለው። የማሞቅ አቅሙ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ በረጅም ቱቦ ደጅ፣ እሳት በሌለበት ይለቀቃል።

ሒሳብ
የመኪናውን ቁጥር አብረን እናስላውና እንየው። ደሴ–አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 100 ሊትር፣ ማለትም 268 ኪሎ ካርቦን። ሙሉ ከጫነ በአንድ ኪሎ ዕቃ 54 ግራም ይደርሳል። የፍሪጅ ክፍሉ ልክ ነው፤ የአንድ ሙሉ ጉዞ ካርቦን የአንድ ፍሪጅ ከሩብ ጋዝ ብቻ ነው።

ግን መኪናው ከረቂቁ ይውጣ ማለት አይደለም። ግማሽ ጭነት ስትልኩ ካርቦኑ በኪሎ እጥፍ ይሆናል፣ ኪራዩም እንዲሁ። ስለዚህ "በየወሩ ይላካል" የሚለው "40 ኩንታል ሲሞላ ይላካል" ተብሎ ይስተካከል።

ሞባይል ጥገና፣ ፒያሳ
"መለዋወጫ በአውሮፕላን ማስመጣት ይቁም" የሚለውን አንቀጽ እቃወማለሁ። ሐሳቡ ቅን ነው፣ ሒሳቡ ግን ተገልብጧል። ባሕር ከአየር በብዙ እጥፍ እንደሚያንስ የሚክድ የለም። ሆኖም አንድ ስክሪን ክብደቱ ስልሳ ሰባ ግራም ነው፤ በአየር መጣ ቢባል ግማሽ ኪሎ ካርቦን ገደማ ነው። ስክሪኑ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከዚያ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ሁለት ሦስት ወር ከጠበቀ ግን ደንበኛው አዲስ ስልክ ይገዛል። የአንድ አዲስ ስማርትፎን ጠቅላላ ልቀት ከ50 እስከ 80 ኪሎ ነው፣ አብዛኛው ማምረቻው ላይ የሚወጣ። ግማሽ ኪሎ አድናለሁ ብሎ ስልሳ ኪሎ መጨመር ምን ይባላል?

የኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ይለያል። መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ ስልክ ቻርጅ ማድረግና ኮምፒውተር ማብራት ካርቦናቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሸክሙ ያለው ዕቃው አገር ሳይገባ በፊት ነው። ስለዚህ "አሮጌውን ቆጣቢ በሆነ አዲስ መተካት" የሚለው የውጭ ምክር ለኮምፒውተርና ለስልክ እዚህ አይሠራም። ዕድሜ ማራዘም ነው የሚያዋጣው።

በአየር የሚመጡት ቀላልና ፈጣን መለዋወጫዎች ብቻ ይሁኑ፦ ስክሪን፣ ቻርጂንግ ፖርት፣ አይሲ (ቺፕ)። ከባዱ፣ ማለትም ቻርጀር፣ ዲቫይደር፣ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ፣ በጋራ ግዢ በኮንቴይነር ይምጣ። አቅራቢውም ውሉ ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት መለዋወጫ ሊያቀርብ ይፈርም። ርካሹ ቻርጀር ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ መግቢያው ላይ ፊውዝና ቫሪስተር (ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከል) የሌለው ከሆነ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው፣ አንዳንዴም ስልኩን ይዞት ይሄዳል። ከጭነቱ አምስቱን ከፍቶ ማየት አሥር ደቂቃ ነው።

አስተባባሪ
አንቀጹ ወጥቷል። ወርቅ የማውጣቱ ሐሳብስ? በረቂቅ 1 ላይ ነበር።

ሞባይል ጥገና፣ ፒያሳ
እሱማ ጨርሶ ይውጣ። ከአንድ ስማርትፎን የሚገኘው ወርቅ 0.03 ግራም ገደማ ነው፤ ለአንድ ግራም ከሠላሳ በላይ ስልክ። ያንን በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በባልዲ ውስጥ ማውጣት ማለት ጭሱን ሳንባ፣ ዝቃጩን ቦርከና ወንዝ መቀበል ማለት ነው። ቦርዱ ሳይፈጭ፣ ሳይነድ፣ በደረጃ ተለይቶ በማዳበሪያ ይታሰር፦ የስልክና የሰርቨር ቦርድ አንደኛ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ሁለተኛ፣ የቲቪና የፓወር ሰፕላይ ቡኒ ቦርድ ሦስተኛ። ከተቀላቀለ ገዢው ሁሉንም በሦስተኛው ዋጋ ነው የሚያነሳው።

ንብረት ክፍል
ወደ ውጭ ስለመላክ ከተነሳ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባዝል ስምምነት (አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚገዛው ዓለም አቀፍ ውል) አደገኛ የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቅሪት የተቀባዩን አገር ቅድመ ስምምነት ይፈልጋል፣ የመተላለፊያውን አገር ፈቃድ ጨምሮ። ለኛ መተላለፊያዋ ጅቡቲ ናት። ስለዚህ "በስድስት ወር ውስጥ ቦርድ እንልካለን" አትጻፉ። ፈቃድ ላለው የአገር ውስጥ ፈታቺ እናስረክባለን በሉ፤ ላኪው እሱ ይሁን።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ትልቁ ችግር ወረቀት ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ለሠራተኛ ወጥቷል፤ ከሠራተኛው ሳይመለስና በኮሚቴ ይወገድ ሳይባል ማንም ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ሰባት ስምንት ዓመት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ሲወጣ ሊጠገን የሚችለው አልፎበታል፣ ራሙና ሃርድ ዲስኩም ብዙ ጊዜ ቦታቸው ላይ አይገኙም። ረቂቁ ለመሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ አንድ ገጽ ቅጽ ይኑረው፦ ተከታታይ ቁጥር፣ የጎደለ አካል፣ ክብደት፣ የዳታ ማጥፊያ ማረጋገጫ። ያለ ማረጋገጫው የትኛውም ኃላፊ አይፈርምም። የሚሠራ ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ ተጽፎበት ይጥፋ፤ የማይነሳው ፕላተሩ (ዳታው ያለበት ውስጠኛው ሳህን) ድረስ በድሪል ይበሳ። ኤስኤስዲ (ዳታውን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ) ከሆነ ግን የድሪሉ ቀዳዳ ቺፑን ሊስተው ስለሚችል ቺፖቹ አንድ በአንድ ይሰበሩ።

ቲቪ ጥገና፣ ሸዋበር
የአሮጌው ቲቪ ነገር ታልፏል። ባለ ቱቦው፣ ሆዳሙ። የኋላው ፈነል (ወደ አንገቱ እየጠበበ የሚሄደው) መስታወት ከክብደቱ አንድ አምስተኛው እርሳስ ነው። ቆራሌው በድንጋይ አንገቱን ብሎ መጠምጠሚያውን ያወጣል፤ ጥቂት መቶ ግራም መዳብ። ቱቦው ውስጥ አየር ስለሌለ መስታወቱ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ይበተናል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ነጭ ዱቄትም ይቦናል። ልጆች ያንን ዱቄት ግድግዳ ሲቀቡበት ማየት ብርቅ አይደለም።

የኔ ሐሳብ፦ ተረካቢ በጽሑፍ እስኪገኝ ባለ ቱቦ ቲቪ አንቀበል። ጨካኝ እንደሚመስል አውቃለሁ።

ሒሳብ
እደግፋለሁ። ባለ 21 ኢንች አንዱ 25 ኪሎ ገደማ ነው፣ ወለል ላይ 0.3 ካሬ ይይዛል። ረቂቁ ላይ ያለው ክፍል መተላለፊያው ሲቀነስ 20 ካሬ ይቀረዋል። ሁለት ሁለት ቢደረደር 130 ቲቪ፤ ክፍሉ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሽያጭ የሚያመጣ ዕቃ የሚገባበት የለም።

ገቢው በሁለት ቋት ይያዝ። ከመዳብ፣ ከአሉሚኒየምና ከቦርድ ከሚገኘው የተወሰነው መቶኛ የማይሸጠውን ለማስወገድ ይቀመጥ፦ ለቲቪ ቱቦ፣ ሜርኩሪ ላለው አምፑል፣ ለቶነር። መቶኛው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሚዛን በኋላ ይወሰን እንጂ ዛሬ ከአየር ላይ አንጥራው።

ባትሪና ሶላር፣ ኮምቦልቻ
የመኪናና የሶላር ባትሪ ላይ ያለው ችግር የሚዛን ችግር ነው። ገዢው "ውኃውን ቀንሼ ነው የምመዝነው" ስለሚል ሻጩ አሲዱን አስቀድሞ ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ከዚያ ቦርከና፣ ከቦርከና የጨፋ ረግረግ፣ ከብቱ የሚጠጣበት። መፍትሔው ስብከት ሳይሆን ዋጋ ነው፦ ከነአሲዱ፣ ያልተከፈተ ባትሪ በሙሉ ክብደት ይገዛ፤ የተደፋው በግማሽ። 15 ኪሎ ባትሪ ውስጥ 9 ኪሎ ገደማ እርሳስ ስላለ ያዋጣል። ቆራሌውም ሙሉውን ማምጣት ይለምዳል። እሱን ገፍተን የሚሳካ ሥራ የለም፤ በየሰፈሩ "ቆራሌው" እያለ የሚዞረው እሱ ነው።

አቀማመጡ፦ ቆሞ፣ ከእንጨት ፓሌት በላይ፣ ከሥር ወፍራም ላስቲክ፣ በደርቦች መካከል ካርቶን፣ ከሁለት ደርብ ያልበለጠ። የተሰነጠቀው ለብቻው ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ። አንድ ኩንታል ኖራ በር ላይ ይቀመጥ፤ አሲድ ሲፈስ ኖራ ይነሰነስበታል እንጂ በውኃ ታጥቦ ወደ ቦይ አይሰደድም።

የሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ ከነዚህ ጋር አይገባም። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፤ ያበጠው ሳይበሳ፣ ሳይጫን፣ ደረቅ አሸዋ ባለው ብረት ባልዲ ደጅ፣ ከግድግዳ ርቆ። ባልዲው ከ20 ሊትር አይበልጥ፤ አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱን ያቀጣጥላልና።

ቦታውን በተመለከተ ኮምቦልቻ ይሁን የሚለውን በከፊል ነው የምቀበለው። ደረቅ ወደቡ ቅርብ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከባድ ዕቃ ሐረጎን ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይጎተትም። ሙቀቱ ግን ለሊቲየም አይመችም።

ሞባይል ጥገና፣ ፒያሳ
ሊቲየሙ ደሴ ይቅር ታዲያ። ብርዱ አንድ ቀን ይጠቅመን።

ንብረት ክፍል
ሁለት መጋዘን ማለት ሁለት ፈቃድ ነው፣ ወንድሜ። እሱን አስቡበት።

አስተባባሪ
ወጪው ላይ እጨምረዋለሁ፤ ዋናው ኮምቦልቻ፣ ትንሹ የሊቲየም ማቆያ ደሴ፣ ማመልከቻዎቹ አንድ ላይ ይገባሉ።

የካርቦን ምዕራፉ በስኮፕ 3 (ከራሳችን ሥራ ውጭ፣ ከምንገዛውና ከምንሸጠው ዕቃ ጋር ተያይዞ የሚወጣ ልቀት) አከፋፈል ይሄዳል። ከ15ቱ ምድቦች የምንይዘው አራቱን ነው፦ 1 (የተገዙ ዕቃዎች)፣ 4 (ወደኛ የሚመጣ ጭነት)፣ 5 (ከሥራችን የሚወጣ ቅሪት) እና 12 (የሸጥነው ዕቃ መጨረሻ)። ጥገና "ያስቀረው" ካርቦን ለብቻው ሠንጠረዥ ይጻፋል እንጂ ከልቀቱ አይቀነስም። የተጠገነ ስልክ ሁሉ አዲስ ግዢን አያስቀርም፤ ስለዚህ ደንበኛው "ባይጠገን አዲስ ትገዛ/ዢ ነበር?" ተብሎ ይጠየቅና ደረሰኙ ላይ ምልክት ይደረግ።

ገመድ ማንደድ ክልክል የሚለው አንቀጽ እንዳለ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ተጨምሮበታል፦ የፒቪሲ (የገመዱ ፕላስቲክ) ጭስ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ አለው፣ የጠቆረ መዳብም በዝቅተኛ ደረጃ ነው የሚሸጠው። ሁለት የእጅ ገመድ መላጫ ተይዟል።

የቀረ ካለ እስከ ሐሙስ።

ፍሪጅና ኤሲ ጥገና፣ ኮምቦልቻ
የዕቃ ዝርዝሩ ላይ አንድ ባለ 30 ኪሎ ሚዛን ብቻ ነው ያለው። ለሲሊንደር በ5 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ ለፍሪጅና ለባትሪ ደግሞ ባለ 150 ኪሎ የወለል ሚዛን ጨምሩ። ሁለቱም ሥራ ሳይጀመር ልኬታቸው ተረጋግጦ ማኅተም ይደረግባቸው፤ ቆራሌው መጀመሪያ የሚፈትነን በሚዛኑ ነው።

ሒሳብ
ተጨምሯል።