ወደ ሰው ሀብት ሥራ ልመለስ ነው፤ አንቀጽ 27 ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆች ለማሳደግ ሥራ ሳቆም የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/96 ነበር። አሁን አንድ ፋብሪካ ለጽሑፍና ለቃል ፈተና ጠርቶኛል።

እሱን በተካው አዋጅ 1156/2011 የተለወጠውን ለይቻለሁ፦ የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን። የዓመት ፈቃዱ ግን ያሳስታል። መነሻው ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ቢያድግም ጭማሪው በየዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየ2 ዓመቱ ሆኗል፤ 9 ዓመት ላገለገለ በድሮው 22፣ በአሁኑ 20 ቀን ይመጣል።

የተቸገርኩት አንቀጽ 27 ላይ፣ ማለትም ያለማስጠንቀቂያ (አስቀድሞ ጊዜ ሳይሰጡ ወዲያው) ማሰናበት ላይ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። እንዲህ ቢጠይቁኝስ፦ ሠራተኛው 8 ጊዜ አርፍዷል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን 3ኛው ላይ የተሰጠ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ አለቃውም ካወቀ 35 የሥራ ቀን አልፏል። ከ30 የሥራ ቀን በላይ ስለሆነ የማሰናበት መብቱ ቀርቷል ብዬ እመልሳለሁ። ቀኑ ባያልፍስ? አንዷ ደብዳቤ ትበቃለች ወይስ ባረፈደ ቁጥር መጻፍ ነበረበት? እንዲህ ያለ ክርክር ይዛችሁ ችሎት የቆማችሁ፣ በተግባር እንዴት እንደሚታይ ብትነግሩኝ።

የሥራ ክፍተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስ አስቤያለሁ፤ ያንሳል?