ጄኪው1 ሰጥተን ማይክ አልቀነሰም፤ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኤ549 የሳንባ ካንሰር ሴሎች ላይ 500 ናኖሞላር ጄኪው1 (ቢአርዲ4ንና ዘመዶቹን ፕሮቲኖች የሚያግድ ውህድ) ለ24 ሰዓት አድርገን የማይክን (የካንሰር ሴልን እድገት የሚገፋ ጂን) ኤምአርኤንኤ በኪውፒሲአር (የኤምአርኤንኤ መጠን መለኪያ ዘዴ) ለካን። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ኮንትሮሉ ሚዲየም ብቻ ነው፣ ማመሳከሪያ ጂኑ አክቲን። ስቶኩ (ያልቀጠነው መድኃኒት) በዲኤምኤስኦ (ማሟሟያ ፈሳሽ) ተሟሙቶ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ይቀልጣል። ለሁለተኛ ቪያል በጀት የለንም። ምን እንፈትሽ?

ፒፔት
መጀመሪያ ሄክሲም1ን (ጄኪው1 ሲሠራ የሚጨምር ጂን) ለኩ። የቢአርዲ4 ብሮሞዶሜይን (የፕሮቲኑ መያዣ ክፍል) ኪስ የሂስቶንን (ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን) አሴቲል ላይሲን ይይዛል፤ ጄኪው1 ኪሱን ሲሞላው ቢአርዲ4 ከክሮማቲን ይላቀቃል። ፒ-ቴፍቢን (ፖሊሜሬዙን የሚያስነሳው የሲዲኬ9 እና የሳይክሊን ቲ1 ጥምረት) ወደ ጂኑ የሚያደርሰው ስለሚጠፋ ጂኑን የሚጽፈው አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ 2 መነሻው አጠገብ ቆሞ ይቀራል። ሴሉ ለዚህ ከሚሰጣቸው ምላሾች አንዱ ሄክሲም1ን መጨመር ነው። ማይክ ባይወርድም ሄክሲም1 ከወጣ መድኃኒታችሁ ደህና ነው። ሁለቱም ካልተነቃነቁ ያኔ ቪያሉን ጠርጥሩ።

ኮንትሮላችሁ ግን ኮንትሮል አይባልም። ዲኤምኤስኦ ራሱ፣ በደካማው ቢሆንም፣ እዚያው ኪስ ውስጥ ይገባል። እኩል ዲኤምኤስኦ ያገኘ ዌል (የፕሌት ጉድጓድ) የግድ ነው፤ የማይሠራው የጄኪው1 ኢናንሺዮመር (የመስታወት አምሳያው) ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

አቀጣጠኑ፦ 4.57 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ 10 ሚሊሞላር ነው። ከዚህ 2 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ በ18 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ፤ ከዚያ 4 ማይክሮሊትር በ8 ሚሊሊትር ሚዲየም። 500 ናኖሞላር ሆነ፣ ዲኤምኤስኦው 0.05 በመቶ። ለሦስት ባለ2 ሚሊሊትር ዌል በቅቶ ይተርፋል። መካከለኛውን ደረጃ ዘላችሁ ከ10 ሚሊሞላሩ በቀጥታ ዌል ላይ ከሄዳችሁ 0.1 ማይክሮሊትር መቅዳት ሊኖርባችሁ ነው፤ ያንን በትክክል የሚቀዳ ፒፔት የለም።

ስለ መብራቱ፦ ከመቅለጡ ይልቅ የሚያሰጋኝ እርጥበት ነው። ዲኤምኤስኦ ውኃ ከአየር ይስባል፤ ውኃ ከገባበት መድኃኒቱ ሊዘቅጥ ይችላል። በ5 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፣ የተከፈተውን አትመልሱ። (ዲኤምኤስኦ 18.5 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ በሐዋሳ የኅዳር ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ረግቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥና ሳይደባለቅ ግን አትቅዱ።)

የአዳማው
በፒፔት ላይ ልጨምር። 24 ሰዓት ረፍዷል። የማይክ ኤምአርኤንኤም ፕሮቲኑም በደቂቃዎች የሚቆጠር ዕድሜ ነው ያላቸው፤ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፣ በብዙ ሴሎች ደግሞ ቆይቶ ያገግማል። በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ሰዓት ሰብስቡ።

አክቲንን ብቻ ማመንም አደጋ አለው። ይህ መድኃኒት የሚነካው በፖሊሜሬዝ 2 የሚጻፉ ጂኖችን ነው፤ አክቲን አንዱ ነው። 18ኤስ (የራይቦዞም አርኤንኤ) በፖሊሜሬዝ 1 ስለሚሠራ ከዚህ ይተርፋል። ግን ፖሊ-ኤ ጭራ የለውም፤ ሲዲኤንኤውን (ከአርኤንኤው የሚቀዳውን ዲኤንኤ) በኦሊጎ-ዲቲ (ፖሊ-ኤ ጭራን የሚይዝ ፕራይመር) ብቻ ከሠራችሁ ቁጥሩ አይታመንም፣ ራንደም ሄክሳመር ተጠቀሙ። መጠኑም እጅግ ብዙ ስለሆነ ለ18ኤስ ሲዲኤንኤውን 100 እጥፍ ያህል አቅጥኑት።

ናኖሞላር
ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ሴሉስ? ማይክ በጄኪው1 የሚወድቀው በየትኛውም ሴል አይደለም። በ2011 ዝናውን ያተረፈው በማልቲፕል ማየሎማና በአጣዳፊ የደም ካንሰር ሴሎች ላይ ነው። በሳንባ አደኖካርሲኖማ መስመሮች ላይ ግን ዋናው ለውጥ በማይክ ሳይሆን ፎስኤል1 በተባለ ሌላ ጂን በኩል እንደሆነ በ2012 ታትሟል። ኤ549 አደኖካርሲኖማ ነው። ስለዚህ ፎስኤል1ን በፕሌቱ ላይ ጨምሩ፤ እኔ ብሆን ማይክን ጭራሽ ዋና መለኪያ አላደርገውም።

ወደ ዲግሬደር (ፕሮቲኑን ከማገድ ይልቅ የሚያስወግድ ውህድ)፣ ለምሳሌ ኤምዜድ1፣ ከተሻገራችሁ ደግሞ መጠን በመጨመር አትታለሉ። ሲበዛ አንዱ ሞለኪውል ቢአርዲ4ን ብቻ፣ ሌላው ቪኤችኤልን (ፕሮቲኑን ለማስወገድ የሚያገለግለውን የሴሉን ፕሮቲን) ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ካልተገናኙ ፕሮቲኑ አይጠፋም። ከ10 እስከ 1000 ናኖሞላር ያለውን ፈትሹ። ረጅሙ የቢአርዲ4 ቅርጽ ስሌቱ 152 ኪሎዳልተን ቢሆንም ጄል ላይ ወደ 200 ነው የሚታየው፤ በ10 በመቶ ጄል ላይኛው ጫፍ ላይ ይጣበቃል። 6 በመቶ ጄል፣ ማሻገሩም በእርጥብ ዘዴ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን በዝቅተኛ ቮልቴጅ።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
እግዜር ይስጥልን። የሄክሲም1 ፕራይመር አለን፣ በእሱ እንጀምራለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ጄኪው1 እንዲህ ከሠራ ለታካሚ ለምን አልተሰጠም?

ፒፔት
አይጥ ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ የምርምር መሣሪያ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ወደ ታካሚ የደረሱት ዘመዶቹ ደግሞ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሕዋስ) ያወርዳሉ፣ ሆድም ያውካሉ፤ ቢአርዲ4 ጤነኛ ሴልም ውስጥ ሥራ አለው። ስለዚህ በብዙ ሙከራዎች መድኃኒቱ ለተወሰኑ ቀናት ተሰጥቶ፣ ፕሌትሌቱ እስኪያገግም ይቋረጣል። ጉዳቱን ለመቀነስም ከሁለቱ ብሮሞዶሜይኖች ሁለተኛውን አብልጠው የሚይዙ ተሠርተዋል። ሁለተኛውን አብልጦ የሚይዘው አፓቤታሎን በልብ ሕመምተኞች ላይ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ ሄዶ፣ በ2019 ዋና ግቡን ሳይመታ ቀርቷል።