ለተማሪ ሠራተኛ የሚከፈለው የመንግሥት ደመወዝ የሚተመነው እንዴት ነው? ጂኤስ-3 ወይስ ጂኤስ-4?

ጥያቄ፦ አንድ አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በኮምዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ በሜይ 2024 አሶሺየት ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ፣ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኝ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በፓዝዌይስ ፕሮግራም ተማሪዎችን ለመቅጠር ያወጣውን ማስታወቂያ አይታ አመልክታ ነበርና፣ በዚህ ሰሞን ጊዜያዊ (ገና ያልጸና) የቅጥር ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤው ጂኤስ-3 (ጂኤስ የፌዴራል ሠራተኞች የደመወዝ ደረጃ መለያ ነው)፣ እርከን 1 (በደረጃው ውስጥ የመጀመሪያው የክፍያ መነሻ)፣ በሰዓት 17.22 ዶላር ይላል። ማስታወቂያው ግን «ጂኤስ-3/4» የሚል ነበር፤ አብራት የተመረቀች ጓደኛዋም በሌላ መሥሪያ ቤት በጂኤስ-4 ተቀጥራ በሰዓት 19.33 ዶላር እየተከፈላት ነው።

ማወቅ የምፈልገው፣ ይህን ተመን የሚወስነው ክፍሉን የሚመራው ኃላፊ ነው፣ የሰው ኃይል ቢሮው ነው ወይስ ሕጉ ራሱ? ደግሞስ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 17.50 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ የፌዴራል መንግሥት እዚያው ከተማ ውስጥ ከዚያ አሳንሶ መክፈል ይችላል? እናቷ «ዝም አይነቅዝም፤ ሥራው ከእጇ ሳይወጣ ትፈርም» ትላለች። እኔ ደግሞ የሚገባት ከሆነ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም ባይ ነኝ። የምታውቁ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ቨርጂኒያ

ለልጅዎ እንኳን ደስ ያላት። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተማሪ ክፍያ የሚቆረጠው እንደ ግል ድርጅት በኃላፊው ፈቃድ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ደረጃው ነው፤ ይህም የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮው (ኦፒኤም) ባወጣው የትምህርት መመዘኛ ይወሰናል። ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ለጂኤስ-2፣ ከዚያ በላይ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የጨረሰ ለጂኤስ-3፣ ሁለት ዓመት የጨረሰ ወይም አሶሺየት ዲግሪ የያዘ ለጂኤስ-4 ብቁ ይሆናል። አንድ ሙሉ ዓመት የሚባለው በተለምዶ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ነው። ደረጃው ከታወቀ በኋላ ገንዘቡ ከሠንጠረዥ የሚነበብ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪም እንደ ደንቡ ከእርከን 1 ይጀምራል። በ2024 ሠንጠረዥ የጂኤስ-3 እርከን 1 መነሻ በዓመት 26,975 ዶላር ነው፤ በዚህ ላይ ለዋሽንግተን አካባቢ የሚጨመረው 33.26 በመቶ ሲታሰብ 35,947 ይሆናል፤ ይህ የዓመት የሥራ ሰዓት ተብሎ ለሚታሰበው 2,087 ሰዓት ሲካፈል የእርስዎ 17.22 ይመጣል። ስለዚህ በስሌቱ ላይ የተፈጠረ ስህተት የለም።

የዲሲን ዝቅተኛ ክፍያ በተመለከተ፣ የከተማው ሕግ የፌዴራል መንግሥትን አያስገድድም። የፌዴራል ሠራተኞች የራሳቸው ዝቅተኛ የክፍያ ወለል አላቸው፤ በ2022 በሰዓት 15 ዶላር እንዲሆን ተደርጎ ነበር። አንድ የፌዴራል ተማሪ ሠራተኛ ከሕንፃው ማዶ ካለው የሱቅ ሠራተኛ ያነሰ መነሻ እንዲያገኝ ሕጉ መፍቀዱ ለእኔም አይዋጥልኝም፤ ነገር ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

ከጻፉት ውስጥ ጉዳዩን የሚፈታው ልጅዎ ያመለከተችበት ወር ይመስለኛል። በፌብሩዋሪ ትራንስክሪፕቷ ላይ የነበረው የሦስት ሴሚስተር ውጤት፣ ማለትም ወደ 45 ክሬዲት ገደማ ነው። በመማር ላይ ያለችው ትምህርት ውጤቱ ስላልገባ አይቆጠርላትም። ማመልከቻውን የሚመረምረው የሰው ኃይል ባለሙያ ደግሞ የሚያየው እስከ ማስታወቂያው መዝጊያ ቀን የቀረበውን ሰነድ ነውና፣ በዚያ ወረቀት ጂኤስ-3 እንጂ ጂኤስ-4 ሊሰጣት አይችልም ነበር። ጓደኛዋ ምናልባት ከምረቃ በኋላ ያመለከተች ትሆናለች።

መልስ፦ የቀድሞ ኢንተርን፣ አሁን ሂሳብ ሠራተኛ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም፣ ነገሩ እዚያ ላይ የሚያበቃ ግን አይደለም። ደብዳቤው «ጊዜያዊ» እስከሆነ ድረስ በሩ አልተዘጋም። እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ለሰው ኃይል ቢሮው የጻፍኩት መልእክት ከአራት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር፦ ስለ ቅጥሩ አመሰግናለሁ፤ ካመለከትኩ በኋላ አሶሺየት ዲግሪዬን ተቀብያለሁ፤ ዲግሪው የተመዘገበበት ትራንስክሪፕት ተያይዟል፤ ማስታወቂያው ጂኤስ-4ን የሚያካትት በመሆኑ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደረጃዬ እንደገና ሊታይ ይችል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቅጥሩን የሰረዘብኝም የተቆጣኝም ሰው የለም፤ ደረጃው ተስተካክሎ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣልኝ። ጥያቄው ለሰው ኃይል ቢሮው ይጻፍ፣ ክፍሉን ለሚመራው ኃላፊም ግልባጭ ይደረግ። ኃላፊው ደረጃ የመወሰን ሥልጣን ባይኖረውም፣ ተማሪዋን የሚፈልጋት እርሱ ስለሆነ ፋይሉ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል።

በተጨማሪም ከእርከን 1 በላይ እንድትጀምር መጠየቅ ይቻላል። ልዩ ብቃት ላላቸው አዲስ ተቀጣሪዎች ደንቡ ይህን ይፈቅዳልና ለምን አትሞክርም?

መልስ፦ ነዋሪ፣ አሌክሳንድሪያ

በመጨረሻው ሐሳብ አልስማማም። ልዩ ብቃትን መሠረት አድርጎ ከፍ ያለ እርከን መስጠት በደንቡ ያለ ነገር ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማስረጃ አደራጅቶ ሠራተኛዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ማጽደቅ አለበት፤ ሁለተኛ ዓመቷን ገና ለጨረሰች ተማሪ ይህን ሁሉ የሚደክም ቢሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ማቅረብም ጠንካራውን ያደበዝዘዋል። ደረጃው ላይ ብቻ ብታተኩር ይሻላል።

ቢሮው «መዝጊያው ቀን ካለፈ በኋላ የመጣ ሰነድ አንቀበልም» ቢል እንኳ ልጅቷ ትፈርም። ወደ ጂኤስ-4 ለማደግ በጂኤስ-3 ላይ አንድ ዓመት መቆየት በፌዴራል ደንብ ግዴታ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ውስጣዊ አሠራር ከሌለው በቀር፣ መመዘኛውን ካሟላች ሥራ በጀመረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊያሳድጓት ይችላሉ። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት መጠየቅ ያለባት ሌላው ነገር «የማደግ ጥያቄዬ መቼ ይታያል?» የሚለው ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ትቀበል።

ልዩነቱን በገንዘብ ካየነው፣ በሳምንት 20 ሰዓት ብትሠራ 42 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ ለተማሪ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ነውና አይናቅም። ነገር ግን ከጂኤስ-3 መጀመሯ ወደፊት ይጎትታት ይሆን ብለው አይስጉ። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ቋሚ ሥራ ስትዛወር ደረጃዋን የሚወስነው በዚያን ጊዜ የያዘችው ዲግሪ ነው፦ ባችለር ዲግሪ ለጂኤስ-5፣ አማካይ ውጤቷ 3.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በብዙ የሙያ መስኮች ለጂኤስ-7 ያበቃታል። ለዝውውሩ የሚጠየቀውን የሥራ ሰዓት በ2024 የተሻሻለው ደንብ ከ640 ወደ 480 ዝቅ አድርጎታል። እኔ አባት ብሆን ከሁለቱ ዶላር ይልቅ ይህ መሥሪያ ቤት ተማሪዎቹን በእርግጥ ቋሚ ያደርጋል ወይ የሚለውን አጣርቼ እጠይቅ ነበር።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ አብረን እንጽፋለን። አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር ተምራለች፤ ኮሌጁ ግን አልቆጠረላትም። እዚህም መጀመሪያ አካባቢ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ኮርሶች ወስዳለች። እነዚህ ቢደመሩ በፌብሩዋሪም 60 ክሬዲት ይሞላላት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ቨርጂኒያ

የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያዎቹን ይተዉአቸው፤ ለዲግሪ የማይቆጠር ኮርስ እንደ ኮሌጅ ዓመት ይታይልኛል ብሎ መከራከር አያዋጣም። የአዲስ አበባው ሴሚስተር ግን ሌላ ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ ትምህርት የሚቆጠረው እውቅና ያለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ከአሜሪካው ጋር አነጻጽሮ ሲያረጋግጥ ወይም እውቅና ያለው የአሜሪካ ኮሌጅ ክሬዲቱን ሲቀበል ነው። በፌብሩዋሪ ከማመልከቻዋ ጋር የግምገማ ውጤት ተያይዞ ቢሆን ኖሮ 45ቱ ላይ ተደምሮ 60 ሊደርስ ይችል ነበር። አሁን ግን አሶሺየት ዲግሪው ብቻውን ለጂኤስ-4 ስለሚበቃት፣ ቢሮው ዲግሪውን ከተቀበለ ግምገማው አያስፈልግም። ገምጋሚ ድርጅቶቹ የሚያስከፍሉ ስለሆነ መልሱ ሳይመጣ ገንዘብ አያውጡ። ለጊዜው የሚያስፈልጋት አሶሺየት ዲግሪው የተሰጠበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት ትራንስክሪፕት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ከኮሌጁ ድረ ገጽ የሚያወርዱት ቅጂ ኮርሶቹን እንጂ ዲግሪው መሰጠቱን ስለማያሳይ፣ ከመላኳ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ትመልከተው።