ጥቆማ፦ ሮክ ለመጀመር ለሚፈልግ የወሎ ጆሮ የቱ አልበም? በምንስ ይደመጥ?

ሰሞኑን አንዲት እህት ከኮምቦልቻ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «ሮክ መስማት ልጀምር ብዬ የከፈትኩት ሁሉ ጩኸት ሆነብኝ። ለጀማሪ የሚሆን ካለ ጠቁመኝ። በምን ባዳምጠው እንደሚሻልም ንገረኝ።» ወልድያ ያለ ጊታር የሚማር ልጅም ተመሳሳይ ጥያቄ አለው። አንድ ሌላ ወዳጄ ደግሞ ለአባቱ ስፒከር ሊገዛ አስቦ ምክር ፈልጓል። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዋናውን መጀመሪያ ልበል። ከሮሊንግ ስቶንስ ባንድ «ሃክኒ ዳይመንድስ» አልበም ጀምሩ።

ስቶንሶች በ1962 ለንደን ውስጥ የተመሠረቱ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ይህ አልበም የወጣው ኦክቶበር 20 ቀን 2023 ነው። ከዚያ በፊት በራሳቸው አዲስ ዘፈኖች አልበም ካወጡ 18 ዓመት አልፏቸው ነበር። አልበሙ ሲወጣ ዘፋኙ ሚክ ጃገር 80 ዓመት ደፍኗል። ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ 80 ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በዚህ ዕድሜ የተሠራ ነገር ሲባል ሰው ቀዝቀዝ ያለ፣ የስንብት መንፈስ ያለው ሙዚቃ ይጠብቃል። ይህ ግን ደስ የሚል፣ ገና ሲጀምር ከወንበር የሚያስነሳ ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች ከአራት ደቂቃ አይዘሉም። አዝማቹን አንዴ ሰምታችሁ ሁለተኛ ሲመጣ አብራችሁ ታንጎራጉራላችሁ።

ይህን ቅለት ያመጣው ፕሮዲውሰሩ አንድሩ ዋት ነው። ከፖፑ ጀስቲን ቢበርም ከከባድ ሜታሉ ኦዚ ኦዝበርንም ጋር የሠራ ወጣት ነው። ድምጹን አጥቦ፣ አጥርቶ፣ ለዛሬ ጆሮ አዘጋጅቶታል። አንዳንድ የድሮ አድማጮች «በጣም ተወለወለ» ብለው ቅር ብሏቸዋል። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ጥቂት ቦታዎች ላይ ጊታሩም ከበሮውም ድምጹም እኩል ስለሚገፋ ጆሮ ይደክማል። ለጀማሪ ግን ይህ ማጥራት ትልቅ ውለታ ነው። የትኛው መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ለይታችሁ ትሰማላችሁ።

ከሌሎች ጋር ላወዳድረው። የሜታሊካ «72 ሲዝንስ» በዚያው በ2023 የወጣ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፣ ግን 77 ደቂቃ ሙሉ ከባድ ሜታል ነው። እህቴ፣ እሱን መጀመሪያ ከከፈትሽ ዳግም ሮክ አትሰሚም። የኤሲ/ዲሲ «ፓወር አፕ» (2020) ቀለል ይላል፣ ያነቃል፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልኩ አንድ ነው። የራሳቸው የስቶንሶች «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» (2016) በሦስት ቀን የተቀዳ፣ የሌሎችን ዘፈኖች የተጫወቱበት የብሉዝ (ሮክ የወጣበት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) አልበም ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ለጀማሪ ግን ሻካራ ነው፤ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። በአማርኛ ሮክ የሚፈልግ ካለ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አለ። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው ነው። እሱን ያለምንም ማመንታት እጠቁማለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው ከእኛው ከወሎ ነው። ባቲ ማይነር የሚባለውን ጊታር ላይ ደርድሩት። ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናል። የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚለማመዳቸው አምስት ድምጾች እነዚሁ ናቸው። ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ብሉዝ ዘፋኝ ሚ ፍላቷን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያንሸራትታታል። ምቱም ችክችካ አይደለም። ግን መሠረቱ አንድ ስለሆነ፣ በማሪቱ ለገሰ ዜማ ያደገ ጆሮ እዚህ ሙዚቃ ውስጥ ባዕድ አይሆንም።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ክራር የሚጫወት ወዳጄ ቤት ነበርኩ። ጉሙ ቶሳን ሸፍኖ እስከ ደጃፉ ወርዷል። ቡና እየተፈላ ነው። የአልበሙን 12ኛና የመጨረሻ ዘፈን ከፈትኩለት። ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለበት። ሚክ ይዘፍናል፣ ሃርሞኒካ ይነፋል። ኪት ጊታር ይመታል። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም። አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ መዲ ዋተርስ በ1950 የቀዳው ብሉዝ ነው። የባንዱ ስም የተወሰደውም ከዚሁ ዘፈን ነው። ስማቸውን የሰጣቸውን ዘፈን አልበም ላይ ለመቅዳት ከ60 ዓመት በላይ ጠብቀዋል።

ወዳጄ ግማሹ ላይ ሲደርስ ክራሩን ከግድግዳው አወረደ። አንዱን ክር ሳብ፣ ሌላውን ለቀቅ አደረገ። ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ አንዴ፣ ሁለቴ ነካካና ቀና አለ። «ባቲ እኮ ነው!» አለኝ። ከዚያ ከኪት ጊታር ስር ስር እየሄደ መጫወት ጀመረ። አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ያመልጠዋል፣ እንደገና ያገኘዋል። ቡና ሊጠጡ የመጡት የጎረቤት እናት ሲኒያቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ምን ሆኖ ነው ሰውዬው? ሆድ ብሶታል» አሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም። አልተሳሳቱም።

ስለዚህ አሰማማችሁን ከኋላ ጀምሩት። መጀመሪያ 12ኛውን። ቀጥሎ 11ኛውን። 11ኛው ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ የአልበሙ ልብ እሱ ነው። ሌዲ ጋጋ ከሚክ ጋር ትቀባበላለች፣ ስቲቪ ዎንደር ኪቦርድ ይዟል። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እየጨመረ ይሄዳል። አለቀ ስትሉ ያቆማል፣ ከዚያ መልሶ ይነሳል። እዚያ ላይ ሁለቱ ድምጾች ሲመላለሱ የመንዙማ መሪና ተቀባዮች፣ ወይም የሰርግ ቤት ሞቅ ያለ ቅብብል ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ 7ኛና 8ኛው። ከ1963 ጀምሮ የባንዱ ከበሮ መቺ የነበረው ቻርሊ ዋትስ በኦገስት 2021 አርፏል። እነዚህን ሁለቱን ግን በሕይወት እያለ ቀድቷቸው ነበር። 7ኛው የዳንስ ምት አለው። የቻርሊ እጅ ችኮላ አያውቅም፣ ከበሮው ሁልጊዜ አንዲት ትንፋሽ ወደኋላ ያለ ይመስላል። 8ኛው ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱን የተወው ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ዋይማን ተመልሶ ቻርሊ በቀዳው ከበሮ ላይ ቤዙን ጨምሯል። የድሮ ጓደኛሞች እንደገና በአንድ ዘፈን ላይ ማለት ነው። ኤልተን ጆንም ፒያኖው ላይ ነው። ከበሮ ባላቸው በቀሩት ዘፈኖች ላይ የሚመታው ስቲቭ ጆርዳን ነው፣ እሱም ጠንካራ ነው።

ከዚያ ወደ 1ኛው ተመልሳችሁ በተራ ስሙት። 4ኛውን ግን መጨረሻ ላይ አድርጉት። በጣም ፈጣንና ቁጡ ነው። ፖል ማካርትኒ ቤዝ የሚጫወተው እዚያ ላይ ነው። መሀል ላይ ቤዙ ብቻውን ሲወጣ ተቀዶ የሚጮህ ዓይነት ድምጽ አለው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ስፒከራችሁ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

የት ይገኛል? እኔ የምመክረው የባንዱን የራሱን የዩቲዩብ ገጽ ነው። ዘፈኖቹ በሙሉ አሉ፣ ማስታወቂያ ከመታገስ በቀር ክፍያ የለውም። አልበሙ ወደ 48 ደቂቃ ነው። በመካከለኛ ጥራት ድምጹ ብቻ ቢሰማ 46 ሜጋ ባይት ገደማ፣ በከፍተኛ ጥራት 115 ገደማ ይፈጃል። ቪዲዮ ከሆነ ብዙ እጥፍ ስለሚበላ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፤ የሌሊት ፓኬጅም ይረዳል። የ1ኛውን ዘፈን ቪዲዮ ግን ሳትቆጥቡ እዩት። ተዋናይቷ ሲድኒ ስዊኒ በክፍት መኪና ላይ ሆና ሎስ አንጀለስን ስታቋርጥ፣ መንገድ ዳር በተሰቀሉ ትልልቅ ማስታወቂያዎች ላይ የባንዱ የቀድሞ ዘመናት ምስሎች ነፍስ ዘርተው ይዘፍናሉ።

እንደ ሰዋስው ያሉት የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ናቸው። ለባቲና ለአምባሰል እነሱን ክፈቱ፣ ገንዘባችሁም ለድምጻዊው ይደርሳል። በወር የሚከፈልባቸው የውጭዎቹ ጥራታቸው ግሩም ነው። ግን ካርድ ስለሚጠይቁ ለብዙዎቻችን አይመቹም።

ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ቤቶችን አልመክርም። አንዴ ከአንድ ቤት ይህንኑ አልበም አስጭኜ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከ12ቱ አራቱ የሉም። 11ኛው ዘፈን ደግሞ መሀሉ ላይ ተቆርጧል፣ ያ ያልኳችሁ መልሶ የሚነሳበት ቦታ ሳይደርስ ያልቃል። ድምጹም ከመሳሳቱ የተነሳ ሲምባሉ (ከከበሮው ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያን ቀን የተናደድኩትን አልረሳውም። ለሠሩት ሰዎችም ሳንቲም አይደርሳቸውም።

በምን ይደመጥ? በስልኩ በራሱ ስፒከር አይሆንም፣ ቤዙ ጨርሶ የለም። ከገንዘቡ አንጻር ከሁሉ የሚሻለው ሽቦ ያለው ጥሩ ኢርፎን ነው። ግን ታዋቂ ስም የተለጠፈበትን ሁሉ አትመኑ። እኔ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት በሁለተኛ ሳምንቱ ግራው ጆሮ ሞተ። ስመልሰው ሻጩ «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሁለቱንም ጆሮ ሳልፈትሽ፣ ሽቦውንም ሥሩ አካባቢ ሳላጣምም አልከፍልም።

እህቴ፣ አንቺ ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሺ ከሆነ ኢርፎን ይበቃሻል። አልበሙም ለዚያ መንገድ ልክ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ 1ኛውን ብትከፍቺ፣ ሐረጎን እየተጠማዘዝሽ ስትወርጂ መሀሉ ላይ ትሆኛለሽ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበልሽ 11ኛው ላይ ነሽ። 6ኛው ረጋ ያለ፣ የገጠር ጠረን ያለው ዘፈን ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ሜዳው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ሄጃለሁ።

ለአባትየው ስፒከር ለፈለግከው ወንድሜ፣ ሁለት ዓይነት አማራጭ አለ። አንዱ ትልቁ ቤዝ ያለው፣ በተለምዶ ሁሉንም ጂፓስ የምንለው ነው። ቤት ይሞላል፣ ለዓመት በዓል ያምራል፣ ግን ቤዙን ያለልክ ስለሚያበዛው የዘፋኙ ድምጽ ይሰጥማል። መብራት ሲጠፋም ዝም ነው። ሌላው ባትሪ ያለው መካከለኛ ብሉቱዝ ነው። ለአባት ሁለተኛውን ግዛ። ሬዲዮ ያለው፣ ፍላሽ የሚቀበል፣ ቁልፎቹም በጣት የሚዳሰሱ ይሁን። ለትልቅ ሰው በስልክ እያገናኙ መክፈት ያታክታል።

ስትገዛ ሱቁ ውስጥ 11ኛውን ዘፈን ክፈትበት። መጀመሪያው ዝግ ያለ ስለሆነ ሹክሹክታውን ያሰማ እንደሆነ ታያለህ። ከዚያ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ድምጹን ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው። ጋጋ ከፍ ስትል ስፒከሩ ከተንጫጫ ወይም ገላው ከተንቀጠቀጠ አስቀምጠህ ውጣ። ሻጩ ቢያጉረመርምም ታገስ፣ ገንዘቡ ያንተ ነው። ቤት ስታስገባው ደግሞ በአዛንና በቅዳሴ ሰዓት ቀነስ ማድረግ አይረሳ። ሰፈርተኛው ያውቃል፣ አዲስ ስፒከር ግን ያዘናጋል።

የወልድያው ልጅ፣ ላንተ ስፒከሩም ኢርፎኑም በኋላ ይደርሳል። ባቲ ማይነርን በጊታርህ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ እጅህ እስኪለምድ ተጫወት። ከዚያ 12ኛውን ክፈትና ኪት የሚተዋቸውን ክፍት ቦታዎች ፈልግ። እሱ ብዙ ኖታ አይመታም። አንድ ይመታና ይጠብቃል። አንተም ጠብቅ። ደሴ ከመጣህ ቧንቧ ውሃ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል፤ ጊታርህን ይዘህ ና።