ከ40 በላይ የትምህርት ቻናል ተከትዬ ምንም አልተማርኩም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በአንድ የቡና መጋዘን ገቢና ወጪ ቡና እመዘግባለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ራሴን ላሻሽል ብዬ፣ ኤክሴልና እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ እንዲሁም ስለ ስኬት የሚመክሩ ከ40 በላይ የቴሌግራምና የዩቲዩብ ቻናሎችን መከተል ጀመርኩ። ነገር ግን አንድ ትምህርት ልይ ብዬ ስልኬን ስከፍት ሳላስበው ወደ ቲክቶክ እሄድና እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ የወር ጥቅሌም በ20 ቀን ያልቃል። እስከ ዛሬ ድረስ ኪሎን ወደ ፈረሱላ የምለውጠው በሒሳብ ማሽን ነው። ስልኩን ሳልተው ከዚህ ልማድ የምወጣበትን መንገድ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህር (ሄርማታ)፦
እህቴ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። መከተልና መማር ተቀላቅለውብሽ ነው። የስኬት ምክር ሲሰሙት ልብ ያሞቃል፤ በማግስቱ መጋዘን ስትገቢ ግን የሚጨበጥ ነገር አይሰጥሽም፤ ስለዚህ እነዚያን ቻናሎች ዛሬውኑ ብትተዪያቸው የሚቀርብሽ ነገር የለም። ለሦስት ወር ኤክሴልን ብቻ ያዢ። ስትፈልጊም «ኤክሴል ለጀማሪዎች» ብለሽ ሳይሆን ከሥራሽ የመጣ ጥያቄ ይዘሽ ፈልጊ፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና «በአንድ ዓምድ ያሉ ቁጥሮችን ሁሉ ለ17 እንዴት አካፍላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አጭር ቪዲዮ ይበቃሻል። እንዳየሽው ስልኩን አስቀምጪና የዕለቱን ሚዛን ራስሽ ሥሪው፤ 1,020 ኪሎ 60 ፈረሱላ ሆኖ ከወጣልሽ ተምረሻል ማለት ነው። ቪዲዮ አይተው «ገባን» የሚሉ ተማሪዎቼ ባዶ ወረቀት ስሰጣቸው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማሉ።

የስልክና ኮምፒውተር ጠጋኝ (መርካቶ አካባቢ)፦
መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ሆኖም ስልኩም መስተካከል አለበት። በዩቲዩብ የእይታ ታሪክሽን አጥፊና መመዝገቡንም አስቁሚ፤ ያን ጊዜ የፊት ገጹ ባዶ ይሆንና ራስሽ ፈልገሽ ያመጣሽውን ብቻ ታያለሽ። ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል ከልክዪ፣ ጥራቱንም ዝቅ አድርጊ። በቴሌግራም ደግሞ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ ይቻላል፤ የብዙ ደንበኞቼን ጥቅል ሳያውቁት የሚጨርሰው እሱ ነው። ኤክሴሉን ከጨረስሽ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ይፋ የሆነው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና መርሐ ግብር የዳታ ሳይንስ (መረጃን የመተንተን) መሠረታዊ ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ አሁን ግን አትጀምሪው።

ሌላ አባል፦
እኔ ሁሉንም አጥፍቼ ነው የተገላገልኩት። አንቺም አጥፊው።

ጡረተኛ ነርስ፦
ልጄ፣ አጥፊው ማለት ይቀላል፤ የዕድሩም የሥራውም መልእክት በዚያው ስልክ ነው የሚመጣው። እኔ የምመክርሽ ብቻሽን አትማሪ ነው። ለእንግሊዝኛ ሁለት የሥራ ባልደረቦችሽን ይዘሽ የሦስት ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቺ፤ ማታ ማታ እያንዳንዳችሁ ስለ ዋላችሁበት ሥራ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ላኩና ተራረሙ። ከልጄ ጋር እንዲህ ማድረግ ስጀምር በድምፄ አፍር ነበር፤ የመጀመሪያውን መልእክት አራት ጊዜ ቀድቼ አጥፍቼዋለሁ። እየቆየ ግን ሰው የሚጠብቀኝ መሆኑ ራሱ አነቃኝ።

ጠያቂ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
እትዬ፣ መምህር፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ቻናሎችን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ተውኩ፤ የፈረሱላውን ሒሳብም ሠርቼ ከእጅ መዝገቡ ጋር ሳስተያየው ልክ ሆነልኝ። ሦስታችን የጀመርነው የድምፅ ልውውጥ ግን በአራተኛው ቀን ተቋርጦ ነበር፤ ትናንት እንደገና ጀምረነዋል። አሁን አንድ ነገር አስቸግሮኛል፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ከነጆንያው ስለሆነ የጆንያውን ክብደት ስቀንስ መልሱ በጣም ከፍ ይልብኛል።

መምህር (ሄርማታ)፦
ቅንፍ ረስተሽ ይሆናል፣ እህቴ። ኤክሴል ከመቀነስ በፊት ያባዛል፣ ያካፍላልም፤ ቅንፍ ከሌለ ለ17 የሚካፈለው የጆንያው ክብደት ብቻ ነው። ከጠቅላላው ሚዛን ላይ የጆንያውን ብዛት በአንዱ ክብደት አባዝተሽ ቀንሺ፣ ይህን ሁሉ በቅንፍ ውስጥ አስገቢ፣ ከቅንፉ ውጪ ለ17 አካፍዪ። ነገ በመጀመሪያው ጭነት ሞክሪውና የወጣውን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ።