ቴርሞሜትሩ 101.3 አለኝ፤ ልጄ ምን ያህል ነው የተኮሰው?

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊት ትንሹ ልጄ (4 ዓመቱ ነው) ሰውነቱ ሲግል ነቃሁ። አዲስ የገዛሁትን ዲጂታል ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር አደረግኩለት። ጢጥ አለና 101.3 ብሎ ቁጭ! ክው አልኩ። ውሃ የሚፈላው በ100 አይደል እንዴ? ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ያየኋት ቆይቼ ነው። ለካ ፋራናይት ነው። ወደ ለመድነው ሴንቲግሬድ እንዴት እንደሚቀየር ተምሬው ነበር፤ ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ጠፋ። አሁን ልጁ ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል። እኔ ግን ቁጥሩ አልገባኝም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልጨምር። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ ከትናንት ጀምሮ 77 ይላል። አንድ የኬክ አሠራር ደግሞ ኦቨኑን 350 ላይ አድርጉት ይላል፤ የኔ ኦቨን የሚደርሰው እስከ 250 ነው። የሚያስረዳኝ አለ?

ሒሳብ በጣቴ
አይዞሽ እህቴ። 101.3 ፋራናይት 38.5 ሴልሺየስ ነው። ትኩሳት አለው፤ እየፈላ ግን አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፋራናይቱ ላይ መጀመሪያ 32 ቀንሺ። ከዚያ ለ1.8 አካፍዪ። 101.3 ሲቀነስ 32፣ 69.3። እሱ ለ1.8 ሲካፈል 38.5። ወደ ኋላ ለመመለስ ሴልሺየሱን በ1.8 አባዢና 32 ደምሪ። ቅደም ተከተሉን እንዳታምታቺ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ስልክሽ 77 የሚለው 25 ነው። ደስ የሚል አየር። ትንበያው ሴቲንግ ውስጥ የሙቀት አሃድ የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ገብተሽ ወደ ሴልሺየስ መልሺው። ሴንቲግሬድና ሴልሺየስ ደግሞ አንድ ናቸው። በ1948 ስሙ በይፋ ሴልሺየስ ተባለ፣ በቃ።

ቶሎ ቶሎ
ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምን? እኔ በፋራናይት የሚያወሩ ሰዎች መሃል ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። 30 ቀንሺ፣ ለሁለት ክፈዪ፣ አለቀ። 77 ሲቀነስ 30፣ 47። ግማሹ 23.5። ከ25 ብዙም አይርቅም። ጃኬት ልያዝ አልያዝ ለማለት ይበቃል።

ሒሳብ በጣቴ
ለጃኬት ይሁን። ለልጁ ግን በፍጹም! እስቲ 101.3ን በራስህ አቋራጭ ሞክረው። 30 ስትቀንስ 71.3። ግማሹ 35.65። የተኮሰውን ልጅ በርዶታል ልትለን ነው። አቋራጭህ ልክ የሚሆነው 50 ፋራናይት ላይ ብቻ ነው፣ ማለትም 10 ሴልሺየስ ላይ። ከዚያ በራቅክ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል።

ካልኩሌተር ሳይነካ ልክ የሚመጣ አቋራጭ ከፈለጋችሁ አለ፣ ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት። ቁጥሩን እጥፍ አድርጉ፣ ከእጥፉ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ፣ 32 ጨምሩ። 25 እጥፉ 50። አንድ አሥረኛው 5፣ ሲቀነስ 45። 32 ሲጨመር 77። ይሄ ግምት አይደለም። 2 ሲቀነስ 0.2 ያው 1.8 ነው።

ቶሎ ቶሎ
እሺ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። የልጅ ትኩሳት ላይ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።

የሌሊት ተረኛ ነርስ
እህቴ፣ ልጅሽ አሁን እንዴት ነው? እኔ ቁጥሩን ትቼ ስለ ልጁ ልጠይቅሽ። ይጠጣል? ሲነቃ ያይሻል፣ ያወራሻል? መልስሽ አዎ ከሆነ 38.5 ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ካልጠጣ፣ ከፈዘዘ፣ መተንፈስ ከከበደው፣ ወይም አንገቱ ከደረቀ ግን ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ወደ ሐኪም ቤት ነው የምትሄጂው።

አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የምንለው ከ38 ሲጀምር ነው፤ በፋራናይት 100.4። ይህችን አንዷን ጥንድ ብቻ በቃልሽ ያዢ። 39 ማለት 102.2፣ 40 ማለት 104 ነው። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ከሆነ 38 ከደረሰ ጠብቆ ማየት የለም። በዚያው ሰዓት ይታይ።

ሌላ ነገር፣ በብብት የተለካ ሙቀት ከውስጠኛው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትለኪ በዚያው ቦታ ለኪ። አንዴ በብብት፣ አንዴ በጆሮ እያደረጉ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ራስን ማድከም ነው። ቴርሞሜትርሽ ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ፣ ብዙዎቹ እሱን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ ይቀየራሉ። መመሪያው ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ አያልቅብኝም
እኔም ልግባ። ጤነኛ ሰው 98.6 ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያቺ ነጥብ ስድስት ከየት መጣች? እንዲህ በጥንቃቄ የለካው ማነው?

የሌሊት ተረኛ ነርስ
እንዲያውም ጥንቃቄው ውስጥ የለም! ካርል ቩንደርሊኽ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ሴልሺየስ ገደማ ነው አለ። 37 ለአያያዝ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ሰዎች እሱን በሒሳብ ወደ ፋራናይት ሲቀይሩት 98.6 ወጣ፣ ነጥቧም አብራ መጣች። አሁን አንዳንዱ 98.9 ሲያይ ይጨነቃል። የጤነኛ ሰው ሙቀት ጠዋት ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ይቺ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሌላም ወጥመድ ልጨምርላችሁ፤ ተማሪዎቼን ለዓመታት ስትጥል የኖረች ናት።

ሙቀትና የሙቀት ልዩነት አንድ አይደሉም። በ2015 የፓሪስ ስምምነት አገሮች የምድር ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲገደብ ጥረት እናደርጋለን ብለዋል። ይህን ወደ ፋራናይት ቀይሩ ስላቸው ግማሹ ክፍል 34.7 ይለኛል። በ1.8 አባዝተው 32 ደምረዋላ! ምድር በ34.7 ፋራናይት ብትሞቅ ማን ይተርፋል? መልሱ 2.7 ነው። ጭማሪ ወይም ቅናሽ ሲሆን ማባዛት ብቻ ነው፤ 32 አይገባም። 32 የሚገባው ሁለቱ መለኪያዎች ዜሯቸውን የተከሉበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ልዩነት ደግሞ ዜሮ የት እንዳለ ግድ የለውም።

ጥያቄ አያልቅብኝም
ጋሼ፣ ፋራናይት ግን ዜሮውን ለምን እዚያ ተከለ? በረዶ ዜሮ ቢሆን ምን ነበረበት?

ጡረተኛው መምህር
ዳንኤል ጋብርኤል ፋራናይት መሣሪያ ሠሪ ነበር። በ1724 መለኪያውን ሲያስተዋውቅ ዜሮውን በበረዶ፣ በውሃና አሞኒየም ክሎራይድ በሚባል ጨው ድብልቅ ላይ አቆመው። ንጹሕ በረዶና ውሃ 32 ሆነ፣ የሰው ሰውነት ደግሞ 96። ከነገሩ ከ32 እስከ 96 ያለው 64 ነው፤ 64ን ደጋግመህ ለሁለት መክፈል ትችላለህ። መስታወት ላይ መስመር ለሚጭር ሰው ይሄ ትልቅ ምቾት ነው። በኋላ መለኪያው ተስተካክሎ ውሃ የሚፈላበት 212 ላይ ተቀመጠ። ከ32 እስከ 212 ልኩ 180 ነው። በሴልሺየስ ያው ርቀት 100 ነው። 180 ለ100 ሲካፈል፣ እነሆ 1.8።

ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ደግሞ በ1742 የሠራው መለኪያ የተገለበጠ ነበር። ውሃ የሚፈላው በ0፣ የሚረጋው በ100! ዛሬ በምንጠቀምበት አቅጣጫ የተገለበጠው እሱ በ1744 ከሞተ ወዲህ ነው። ውሃ በ100 ይፈላል የምንለውም በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ የአየር ግፊት ነው። ከፍታ ላይ ቀድሞ ይፈላል።

ቶሎ ቶሎ
ጋሼ፣ እንግዲያው ዛሬ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 10 ከነበረው ቀን በእጥፍ ሞቋል ማለት ይቻላል?

ጡረተኛው መምህር
አይቻልም ልጄ። ያንኑ ሁለት ቀን በፋራናይት ጻፈው፤ 50 እና 68 ነው። እጥፉ የት ሄደ? «እጥፍ» ለማለት ዜሮው እውነተኛ ዜሮ መሆን አለበት። እሱን ያሰበልን ዊልያም ቶምሰን ነው፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በ1848። የኬልቪን ዜሮ ከሴልሺየስ ዜሮ በ273.15 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በታች ሙቀት የለም። በእሱ ስታየው 10 እና 20 ወደ 283 እና 293 ይሆናሉ። ልዩነቱ ወደ 3.5 በመቶ ነው።

ባለኦቨኗ
የኬኩን ነገር ሁላችሁም ረሳችሁት። 350 ፋራናይት 177 ሴልሺየስ ገደማ ነው። 175 ወይም 180 ላይ አድርጊው፣ ለኬክ ለውጥ የለውም። 400 ከተባልሽ 200 ወይም 205 ያዢ። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነና አሠራሩ ማራገቢያ ለሌለው የተጻፈ ከሆነ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀንሺ።

ለዕለት አየር ደግሞ እኔ ሒሳብ አልሠራም። 0 ማለት 32፣ 10 ማለት 50፣ 20 ማለት 68፣ 30 ማለት 86። በየአሥሩ 18 እየጨመረ ነው የሚሄደው። 16 ሲገለበጥ 61፣ 28 ሲገለበጥ 82 ገደማ መሆኑ ደግሞ ለማስታወስ ይመቻል። ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት ከዜሮ በታች 40 ላይ ነው። እዚያ ስትደርሺ የትኛው ነው ብለሽ አትጠይቂም፣ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ እህቴ፣ ልጁ ዛሬ ጠጥቷል፣ በልቷል፣ ታላቁን መምታትም ጀምሯል። ቁልፉን ተጭኜ ስይዘው ቴርሞሜትሩ ወደ ሴልሺየስ ተቀየረ፤ አሁን 37.2 ይላል። ስልኩንም መለስኩት። ኬኩን በ175 ጋገርኩ። ዳሩ ቡናማ ሆነ፣ መሃሉ ግን ሊጥ ነው። ይሄኛው እንኳ የፋራናይት ጥፋት አይመስለኝም።

ባለኦቨኗ
አይደለም፣ የኦቨኑ ነው። ማዞሪያው 175 ስላለ ውስጡ 175 ነው ማለት አይደለም። ብዙ ኦቨን ከሚያሳየው ቁጥር በአሥርና በሃያ ዲግሪ ሊርቅ ይችላል። ውስጡ የሚቀመጥ የኦቨን ቴርሞሜትር አለ፤ አንድ ገዝተሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪና ለካኪው። ግን ስትገዢ ቁጥሮቹ በሴልሺየስ መሆናቸውን እዪ።