የአባቴን ፒፓና ላይተር ከልጄ የት ላርቀው?

ጥያቄ፦ የሰሚቷ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በቅርቡ ከደሴ መጥተው እኛ ጋ መኖር ጀምረዋል። 74 ዓመታቸው ነው፣ ፒፓ ያጨሳሉ። የሚያጨሱት በረንዳ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ተስማምተናል። የቸገረኝ ዕቃው ነው። ሁለት ፒፓ፣ የትምባሆ ከረጢት፣ ላይተር፣ ክብሪት፣ የፒፓ መጥረጊያ ሽቦ፣ መተርኮሻ። ሁሉም ኮሞዲኖ ውስጥ ተደባልቆ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለችኝ። እሑድ ዕለት ላይተሩን ይዛ አገኘኋት። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወንድሜን ሊጠይቁ ሜሪላንድ ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ በምን ላስቀምጥላቸው? ለመንገድስ? አባቴን ቅር ማሰኘት አልፈልግም።

መልስ፦ ነርስ ነኝ
እህቴ፣ እንኳን ደረስሽባት። ግን ከላይተሩ እኩል ትምባሆውን ፍሪ። ኒኮቲን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ልጆች ደግሞ ያገኙትን ወደ አፋቸው ነው የሚወስዱት። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ብቻውን አይበቃም፣ ወንበር ስባ ትወጣለች። ቁልፍ ያለው ነገር ያስፈልግሻል። መተርኮሻው ውስጥ ውሃ የምታደርጉ ከሆነ ወዲያው ድፉት፤ ኒኮቲኑ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። አያድርገውና ከዋጠች እንድታስመልስ አታስገድጃት። የተረፈውን ትምባሆ ይዘሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። ማስታወክ፣ ለሃጭ መብዛት፣ ላብና መገርጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። እስኪታዩ ግን አትጠብቂ።

መልስ፦ የድሮ ፒፓ አጫሽ
ልጄ፣ 30 ዓመት ፒፓ አጭሻለሁ። አባትሽ ቅር የሚላቸው ዕቃቸው ከተደበቀባቸው ነው። በክብር ቦታ ካገኘ ደስ ይላቸዋል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

ፒፓው ትኩስ እያለ ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አይዘጋበትም። ከተጨሰ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። አፍ የሚገባውን ጫፍ ከእንጨቱ መንቀል የሚቻለውም ከቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ በትኩሱ ከተነቀለ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ ሽቦው ገብቶ እርጥበቱን ይጠርጋል። ሲያሳርፉት ጎድጓዳው ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ ይሁን። ሁለት ፒፓ መኖሩ መልካም ነው፣ አንዱ ሲጨስ ሌላው አንድ ቀን ያርፋል። ጫፉ ጥቁር ጎማ መሰል ከሆነ ፀሐይ አይንካው፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይዞራል።

ትምባሆው ለብቻው ክዳኑ ጎማ ያለው የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይግባ። ከረጢቱ ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆነውን ብቻ ይያዝ። አንዳንዱ እንዳይደርቅ ብሎ የብርቱካን ልጣጭ ይጨምርበታል። ተይ፣ ይሻግታል። በክረምት በተለይ።

ሽታውን በተመለከተ፣ የኮሞዲኖው እንጨት ሽታ ይጠጣል። ብረትና ብርጭቆ አይጠጡም። ክዳን ያለው የብረት ሳጥን በቁልፍ አሠሪላቸው። ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ ይንጠልጠል።

መልስ፦ ከመርካቶ
ሳጥን ለማሠራት አትድከሚ። የብር መያዣ ትንሽ የብረት ሳጥን አለ፣ ቁልፉ አብሮት ነው። በውስጡ ለፒፓው ጨርቅ አንጥፊበት። አመዱን ግን እዚያ አታስገቢ! ክዳን ባለው ቆርቆሮ በረንዳ ላይ ይደር፣ ጠዋት ይደፋል። ፌስታል ውስጥ የተደፋ ትኩስ አመድ ምን እንደሚያደርግ ጎረቤቴ ቤት አይቻለሁ።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ። አባቴን ሁለት ጊዜ አመላልሻለሁ። ፒፓውና ትምባሆው በየትኛውም ሻንጣ ይሄዳል። ላይተር አንድ ብቻ፣ እሱም ኪሳቸው ውስጥ። በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። መሙያ ጋዝ በሁለቱም አይፈቀድም። እንደ ችቦ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋው ዓይነት ከሆነ ቤት ይቅር። ርካሹን ይያዙ፣ ፍተሻ ላይ ቢወሰድባቸውም አይቆጫቸውም። ትምባሆ መጠቅጠቂያቸው ሹል ወይም ስለት ካለው የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው።

እዚህ ሲደርሱ ወንድምሽ ላይተሩን መኪና ውስጥ እንዳይተወው ንገሪው። ጋዝ ያለው ላይተር ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም፣ በበጋ የቆመ መኪና ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ሌላው፣ «በዚህ ይቀይሩ» ብሎ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢገዛላቸው ይዘውት እንዳይመለሱ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው።

መልስ፦ ነርስ ነኝ
አንድ የረሳሁት። ኮታቸውን በር ላይ የሚሰቅሉ ከሆነ ኪሱን ፈትሺ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከአያት ኪስ ነው።

የሰሚቷ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የብረት ሳጥኑን ገዛሁ። ለአባዬ ሳሳያቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ፒፓዎቹን ራሳቸው ጠርገው፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው አስገቡ። ክብሪቱን ትተውታል፣ «ላይተሩ ይበቃኛል» ብለው። ኮቱንም ፈተሽኩ። እውነትም የግራ ኪሱ ውስጥ የተበተነ ትምባሆ ነበር። አሁን ኮቱ የሚሰቀለው መኝታ ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የቁም ሳጥኑ በር ግን በደንብ አይገጥምም። ልጅ የማትከፍተው መቀርቀሪያ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።